በጣታቸው ያነበቡት አንገት

ከእመት እንጉዳይ በፊት ስለ ራሴ ጥቂት ልናገር፤ ሠሪው ሳይታወቅ ሥራው አይታመንም። በፍኖተ ሰላም ሰሌዳ አንብቦ ሱቅ የገባ ሰው ሁሉ የእኔን እጅ አንብቧል። ትምህርት ቤት የገባሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም ግድግዳውን ልቀባ። ፊደል የለየሁት ከቄስ ደጃፍ ቆሜ በመስማት፣ ቀለም መበጥበጥ የተማርሁት በማበላሸት ነው። ከቡሬ እስከ አዴት ብሩሼ ያልደረሰበት መጠጥ ቤትና ወፍጮ ቤት የለም። ኮምፒውተር ሲመጣ እኩዮቼ ብሩሻቸውን አጥበው ሰቀሉ። እኔ ግን ጸጉሬ ከሸበተ በኋላ ኮምፒውተርና ስቲከር መቁረጫ ማሽን ገዛሁ፤ እንግሊዝኛውን ሳላውቅ ምልክት ምልክቱን እያየሁ ገራሁት። ዛሬ የደበዘዘ አርማ ወይም የተቀደደ ማኅተም አልወጣ ያላቸው ወጣቶች "ወደ አያ ጥላሁን ውሰዱት" ይባባላሉ። ይወስዱታልም።

ሥራውን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ፎቶ የነጥብ ክምር ነው፤ ስታጎላው ይበታተናል። ቬክተር የምንለው ግን መስመር ነው፤ በቴምብር ልክም አድርገው፣ በቤት ልክም አድርገው፣ ጠርዙ አይሻክርም። ፎቶን ወደ ቬክተር ማውጣት ማለት ብዙ ከብት ካለፈበት ጭቃ ላይ የአንዲቱን ጥጃ ዱካ ብቻ ለይቶ እንደ መከተል ነው። ዓይን ይፈልጋል፣ ትዕግሥት ይፈልጋል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ያላየኸውን ላለመጨመር መጨከን ይፈልጋል። ይህን የመጨረሻውን ያስተማሩኝ እመት እንጉዳይ ናቸው፤ ሌላውን ማንም አላስተማረኝም።

በዚህ ክረምት መውጫ አንድ ማለዳ የእድራችን ጡሩምባ ተነፋ። ከደጄ ቆሜ "ማን ነው?" ስል ነፊው ሳይቆም "እመት እንጉዳይ!" ብሎኝ አለፈ። ሱቄን አልከፈትሁም። መቃብር ከሚቆፍሩት ጋር ሄድሁ፤ በዚህ ዕድሜዬም ከወጣቶቹ እኩል ቆፈርሁ።

እመት እንጉዳይ ነቃሽ ነበሩ። ከከተማው ዳር ወዳለው ወደ እኛ ሰፈር ከመግባታቸው በፊት በገጠር በዚያ አካባቢ ያልነቀሱት አንገት፣ ያልነቀሱት ግንባር የለም ይባላል። ሦስት መርፌ በክር አስረው፣ የኩራዝ ጥላሸት በቅጠል ጭማቂ በጥብጠው፣ በልጃገረድ አንገት ላይ መስመር በመስመር ያወርዱ ነበር። ከአንገቱ ግርጌ መስቀል አለ። መስቀሉ ለውበት ብቻ አልነበረም፤ "በሰው አገር ብትሞት፣ ማተቧ ቢበጠስ እንኳ ክርስቲያን መሆኗን አውቀው ይቅበሯት" ተብሎ ነበር። በኋላ የጤና ባለሙያዎች በመርፌው በሽታ ይተላለፋል ብለው ሲያስተምሩ መርፌአቸውን ጣሉ። ከዚያ ዓይናቸው ጠፋ።

ከጠፋም በኋላ ሰው የሚያውቁት በአንገቱ ነበር። ሴት ስትስማቸው አገጯን ብድግ አድርገው በአውራ ጣታቸው ይዳስሳሉ። የተነቀሰ ቆዳ ከሌላው አይለይም፣ ለስላሳ ነው ብዬ ብከራከራቸው ሳቁብኝ። ጣታቸው ያስታውስ የነበረው ቦታውን ነው እንጂ ቀለሙን አይደለም።

"አንቺ የአበጀ ልጅ ነሽ" ይላሉ። "እዚህ ጋ ስደርስ እጄን ነክሰሽኛል።"

"እመት፣ እኔኮ ያኔ ልጅ ነበርሁ!"

"ጥርስሽ ግን የልጅ አልነበረም።"

እኔንም አይምሩኝም ነበር። አንድ ቀን የከተማውን ትልቁን የሆቴል ሰሌዳ ሠርቼ እንደ ጨረስሁ በደጃቸው ሳልፍ ጠሩኝ።

"ጥላሁን፣ ሰሌዳህን አሞገሱልኝ።"

"አይተውት ቢሆን ደግሞ!"

"ምን ያደርግልኛል? የአንተ ጽሕፈት ዝናብ ይፈራል። የእኔ ከባለቤቱ ጋር ነው የሚቀበር።"

ብሩሼን ይዤ መንገዴን ቀጠልሁ። እኔን በነገር የረታ ሰው ብዙ አይደለም።

አንዲት ልጅ ነበረቻቸው፤ አንጓች ትባላለች፣ የማምሻ ልጅ። የጎረቤታቸው የደብሬ ልጅ እናኑ እኩያዋ ነበረች። ሁለቱን በአንድ ቀን፣ በአንድ ዓይነት ንድፍ የነቀሷቸው እሳቸው ናቸው። ልጆቹ ካደጉ በኋላ ሰሊጥ ለሚያጭዱ የቀን ሠራተኞች ምግብ ሊያበስሉ አብረው ወደ ቆላ ወረዱ። አልተመለሱም። እናኑ ድንበር ተሻግራ ወደ ዓረብ አገር ገባች የሚል ወሬ መጣ፤ ደብሬም አመነችው፣ በየበዓሉም ጎረቤት ሰብስባ "የእኔዋስ ተሻገረች" ትል ነበር። ስለ አንጓች ግን ወሬም አልመጣም። ዓመታት ሲያልፉ ዘመድ ሁሉ እመት እንጉዳይን "እርምዎን ያውጡ፣ ፍትሐት ያስደርጉላት፣ ነፍሷ አትንከራተት" ይላቸው ጀመር። እሳቸው እምቢ አሉ።

"ለሕያው ፍትሐት አይደረግም። ሞታ ከሆነ አሳዩኝ። ካላሳያችሁኝ ዝም በሉኝ።"

ሰው ሁሉ ዝም አለ። እሳቸው ግን ዝም አላሉም፤ ከቆላ የተመለሰ ሰው ሁሉ በደጃቸው ሳይጠየቅ አያልፍም ነበር።

አንድ ቀን የቡሬ ሰው መጣ። ሠራተኛ ነው፤ ከሰሊጥ ማሳ የተመለሰ፣ የወባ ንዳድ ያከሰለው። እመት እንጉዳይ አስጠሩኝና ስገባ ሰውዬው ከመደቡ ጫፍ ተቀምጦ ስልኩን በሁለት እጁ ይዟል።

"ድገምለት" አሉት።

"አንዲት ሴት በመንገድ ዳር ሞታ አገኘን። ከጭነት መኪና ያወረዷት ይመስለኛል፣ ታማ ነበር። መታወቂያ የላት፣ ስልክ የላት። የአንገቷን መስቀል አይተን ነው ከቤተ ክርስቲያን አጥር ውስጥ ያስቀበርናት።"

"ፎቶ አነሳህ?" አልሁት።

"ፊቷን አላነሳሁም አባቴ። የሬሳ ፊት ማንሳት ነውር መሰለኝ። አንገቷን ግን፣ ወላጅ ይኖራታል ብዬ አነሳሁ። ቡሬ ገበያ ሳሳይ አንዲት አሮጊት አየችና 'ይህ የእንጉዳይ እጅ ነው' አለችኝ።"

ስልኩን አየሁት። ምሽት ሲቃረብ የተነሳ ነው፤ ግማሹ ጥላ፣ ግማሹ አቧራ፣ የቆዳው እጥፋት ከንቅሳቱ ጋር ተደባልቋል። ሦስት መስመር እንዳለ ያስታውቃል። ከዚያ በላይ ማንም ሊል አይችልም ነበር፤ እኔም።

"የእኔ እጅ ከሆነ ከሁለቱ አንዷ ልትሆን ትችላለች፣ ከሌሎቹም አንዷ" አሉኝ። "የቡሬዋ አሮጊት አይታዋለች፤ እኔ አላየውም። በዚያ ማሽንህ አውጣልኝ፣ የሚዳሰስ አድርገህ። ትችላለህ?"

"እኔ የማልችለው ካለ ማንም አይችለውም።"

"ጉራህን ተወውና ስማኝ። እንዳታሳምረው። ጎባጣውን ቀጥ፣ ክፍቱን ግጥም እንዳታደርግ። እጄ የሳተችው ይሳት። ካሳመርኸው የሌላ ሰው ልጅ ይሆናል።"

ሱቄ ድረስ በክንዴ ተደግፈው መጡ። ፎቶውን አስገባሁና መጀመሪያ ማሽኑ ራሱ እንዲያወጣው ሰጠሁት። የቆዳውን ሽፍታ ሁሉ ደሴት ደሴት አድርጎ ተፋው። ደመሰስሁት። ከዚያ በእጄ ገባሁበት፤ ነጥብ እየተከልሁ፣ መስመሩን እያጠፍሁ። የንቅሳት ቀለም ሲያረጅ ወደ አረንጓዴ ያደላል፤ የጥላ ጥቁረት ግን አረንጓዴ የለበትም። ይህን ማንም አልነገረኝም። ቀለሞቹን ለያይቼ አረንጓዴ ያለበትን ብቻ ተከተልሁ። የምጠራጠርበት ቦታ ስደርስ ባዶ ተውሁት።

እመት እንጉዳይ ከጎኔ በርጩማ ላይ ተቀምጠው የማውሱን ድምፅ ያዳምጡ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ተናገርሁ።

"እመት፣ እዚህ ጋ አንድ ነገር..."

"አትንገረኝ። ጣቴ ይንገረኝ።"

ሊቆረጥ ሲል መብራት ጠፋ። ቁጭ አልን። ቢሄዱና ሲመጣ ብጠራቸው አልኋቸው፤ አልተንቀሳቀሱም። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ጸሎት መስሎኝ ጠጋ ስል የሴት ልጆች ስም እየጠሩ ነው። የነቀሷቸውን ነበር የሚቆጥሩት፤ እናኑንና አንጓችን ግን ወደ ኋላ እያስቀሩ።

መብራቱ ሲመለስ ማሽኑ ወፍራሙን ስቲከር ቆረጠው። መስመሩ ከፍ እንዲል ደራርቤ በኮምፔንሳቶ ሰሌዳ ላይ ለጠፍሁትና ከጭናቸው አኖርሁት። አንገቷን በራሱ ልክ ነው ያወጣሁት፤ ትንሽ እንኳ አላሳደግሁም።

ከመስቀሉ ጀመሩ። "የእኔ ነው" አሉ። የመጀመሪያውን መስመር ዞሩ። ሁለተኛውን ዞሩ። ሦስተኛው ላይ ጣታቸው ከግራ ጆሮ በታች ሲደርስ መስመሩ አለቀ። ጣታቸውን መልሰው እንደገና አመጡት። አለቀ።

"እዚህ ላይ ፎቶው ነው የጎደለው ወይስ አንገቷ?"

"አንገቷ ነው። ቆዳው በደንብ ይታያል፣ ቀለም የለበትም። እምልልዎታለሁ።"

ፊታቸው በራ፤ በዓይኔ ያየሁትን ነው የምናገረው፣ እንደ ልጃገረድ ፊት በራ። ወዲያው መዳፋቸውን አንስተው አፋቸውን በጥፊ መቱት፣ ደጋግመው።

"ደስ አለኝ! የሰው ልጅ ሞታ ደስ አለኝ! አምላኬ ድፋኝ!"

እጃቸውን ያዝሁ። አስለቅቀውኝ ጣታቸውን ወደ ክፍቱ ቦታ መለሱት።

"እናኑ ናት። እዚህ ጋ ስደርስ ራሷን ሳተች። እናቷ ደብሬ ናት እጄን የያዘችው። 'ይብቃት እመት፣ ይህችን መስመር ለሠርጓ ይዘጉላታል' አለችኝ። ሠርግ አልመጣ፤ አልዘጋኋት።"

መርዶ በእኛ አገር ደንብ አለው። ለሟች እናት በመንገድ አይነገርም፣ በባዶ ሆዷ አይነገርም፣ ሥጋ ዘመድ ሳይከባት አይነገርም። ጎህ ሲቀድ ቄስና ሽማግሌ ይዞ ነው የሚነገር። የደብሬ ባል ሞቷል፤ ወንድሞቿ ያሉት ፈረስ ቤት ከተማ ነው። እመት እንጉዳይ ይህን እያሰቡ ተነሡ፤ ቄሱ ዘንድ ልንሄድ ነው። ግን ለእናኑ አዝነው ነበርና ልማድ እጃቸውን መርቶት ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለበሱ። እኔም አላስተዋልሁትም።

ሰፈሩ ሁሉ ከቡሬ ፎቶ እንደ መጣ ሰምቷል። እመት እንጉዳይ ነጠላ ዘቅዝቀው፣ በእኔ ተደግፈው ከሱቅ ሲወጡ ያየች አንዲት ሴት እንስራዋን ጥላ "ወይኔ አንጓች!" ብላ ጮኸች። ከዚያ በኋላ ማን ያቆመዋል? ከየቤቱ ጩኸት ወጣ። እድርተኛው ድንኳን ይዞ ሮጠ። ከሁሉ ቀድማ የደረሰችው ደብሬ ናት፤ ሻሿ ወልቆ፣ ደረቷን እየመታች፣ ከእመት እንጉዳይ አንገት ላይ ወደቀች።

"እመትዬ! እመትዬ! የእኔም ልጅ ናት! በእኔም በኩል ይለቀስላት!"

አፌን ከፈትሁ። እመት እንጉዳይ ክንዴን በጥፍራቸው ቆንጥጠው ያዙት፤ ምልክቱ ለሳምንት ነበረብኝ።

"ዝም በል" አሉኝ በጆሮዬ። "በመንገድ ላይ ትገድላታለህ? ወንድሞቿ ይምጡ።"

"ታዲያ ይህ ልቅሶ?"

"ይለቀሳ።"

ዓመታት ሙሉ ልጄ አልሞተችም ብለው ከዘመድ አዝማድ የተጣሉት ሴት ናቸው። በሕይወት ላለ ሰው ማልቀስ ሟርት ነው ብለው የሚያምኑ ሴት ናቸው። ገብተው ከድንኳኑ ሥር ተቀመጡና ለልጃቸው ተለቀሰላት። እኔ ከወንዶቹ መካከል ተቀምጬ የሆዴን በሆዴ ይዤ ነበር። ደብሬ ሙሾ አውራጅ ሆነች። እንዲህ ስትል ሰማኋት፦

ሁለት ሆነው ወጡ እንደ በሬ ተጠምደው፣
አንዷን አሻገራት፣ አንዷን በላት ሜዳው።

ሰው ከንፈሩን መጠጠ። እመት እንጉዳይ አላለቀሱም። ይልቁንስ እህል አስመጡና ደብሬን በገዛ እጃቸው ያጎርሷት ጀመር። ሐዘንተኛ አልቃሽን ሲያጎርስ ታይቶ አይታወቅም።

"እኔ አይደለሁም፣ እርስዎ ነዎት መቅመስ ያለብዎ!"

"ጉረሺ። ጉረሺ ልጄ። ስለ እኔ ብለሽ ጉረሺ።"

"አእምሯቸውን ነካቸው" አለ ከጎኔ ያለው ሰው።

ወደ ፈረስ ቤት የደወልሁት እኔ ነኝ። ቄሱን በጓሮ አግኝቼ የነገርሁትም እኔ ነኝ። ወንድሞቿ ጀንበር ሳትጠልቅ ገቡ፤ እኔ ቤት አሳደርኋቸው። ሲነጋጋ ከደብሬ ደጃፍ ቆምን። እመት እንጉዳይ ሰሌዳውን በነጠላቸው ጠቅልለው ይዘዋል።

ደብሬ በሩን ስትከፍት ወንድሞቿን አየች።

"ምነው? ለእመት ልቅሶ ነው የመጣችሁት? ማን ነገራችሁ?"

ቄሱ "ተቀመጪ ልጄ" አሏት። እመት እንጉዳይ የጠቀለሉበትን ነጠላ ፈተው ሰሌዳውን ከጭኗ አኖሩት። ደብሬ ዓይን አላት፤ መዳሰስ አላስፈለጋትም። ከግራ በኩል ያለውን ክፍት ቦታ አየችው። አልጮኸችም። ቀና ብላ እመት እንጉዳይን አየቻቸው።

"ትላንት ያውቁ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"እያወቁ አስለቀሱኝ።"

"አስለቀስሁሽ።"

"እያወቁ አጎረሱኝ።"

"አጎረስሁሽ።"

ከዚያ በኋላ ነው የጮኸችው። ያን ጩኸት አልጽፈውም፤ የሚጻፍ አይደለም።

ድንኳኑ ከአንዱ ደጅ ተነቅሎ በሌላው ደጅ ተተከለ። ሰው ሁለት ተከፈለ። ግማሹ "እንደ እመት እንጉዳይ ያለ የት ይገኛል" አለ። ግማሹ ደግሞ "በልጇ ላይ ሟርት ጠራች፤ አንጓች ከእንግዲህ ብትመጣም አትበረክትም" አለ። ደብሬ ከየትኛውም አልነበረችም። የእናኑን ፍትሐት አስደረገች፣ ተዝካሯን አወጣች፤ እመት እንጉዳይን ግን አላነጋገረቻቸውም። ምክንያቱን ስጠይቃት "ባልተቀየምኋቸው ነበር" አለችኝ። "ግን የልጄን ልቅሶ በሌላ ልጅ ስም አልቅሼ ጨረስሁት። ለእናኑ ሲደርስ እንባዬ አልቆ ነበር።"

እመት እንጉዳይ ከዚያ በኋላ አልሳቁም። በደጃቸው ሳልፍ ስለ ሰሌዳዬም አይጠይቁኝም። አንድ ቀን ራሴ ገባሁ።

"እመት፣ ያደረጉት ትልቅ ነገር ነው።"

"በልጄ ላይ በቁሟ አስለቀስሁባት ጥላሁን። ወሬው ካለችበት ቢደርስ፣ እናቴ ተስፋ ቆረጠችብኝ ብትል፣ በምን ትመጣለች?"

"ሰው ሁሉ የሆነውን ያውቃል።"

"እሷ ከሰው ጋር መሆኗን በምን አወቅህ?"

ዘመድ እንደገና መጣ፤ "አንዴ ተለቅሶላታልና ፍትሐቱም ይደረግ፣ ይገላገሉ" አላቸው። የበርጩማቸውን እግር ይዘው ተነሡና አባረሯቸው። ያን ዕለት ሰው እየመራቸው ወደ ሱቄ መጡ። የአንጓች ፎቶ የለም፤ ፎቶ ሳትነሳ ነው የሄደችው። እጄን ዘረጋሁላቸው፤ በእጄ ጀርባ ላይ በጥፍራቸው የአንገቷን ንቅሳት ጫሩት። እኔም በማሽኔ ተከተልሁ። ስቆርጠው ዳሰሱት፣ "ይህችን ወደ ታች" አሉኝ። እንደገና ቆረጥሁ። "ሰፋ አድርገህባታል፣ አንገቷ ቀጭን ነው።" እንደገና። ብዙ ጊዜ ቆረጥን። ሲያበቃ ሰሌዳውን አቅፈው ወደ ቤታቸው ሄዱ፤ ልክ ነው ወይም ልክ አይደለም አላሉኝም። ከዚያ ወዲያ አልጋ ያዙ።

ሲቀበሩ ደብሬ መጣች። ከአጥሩ ጥግ ቆማ አፈሩ እስኪመለስ ጠበቀች፤ ከማንም ጋር ሳትነጋገር ሄደች።

እንግዲህ ያደረግሁትን ልናገር፤ ሌላው ቢረሳው እንኳ እኔ አልረሳም።

ማንም የማይለየውን የጨለመ ፎቶ ወደ ጠራ መስመር አወጣሁ፤ ያላየሁትን አንድ ነጥብ አልጨመርሁም።

ዓይነ ስውር በጣቷ የምታነበው ንቅሳት ሠራሁ፤ በአገሩ ከእኔ በፊት የሠራ አልሰማሁም።

ሙሉ ቀን ምስጢር ያዝሁ፤ ጥላሁን ዝም ማለት አይችልም የሚሉ ሁሉ አፍረዋል።

የእናኑን አንገት በመቃብሯ መስቀል ላይ ቀረጽሁ፤ አጎቶቿ ቆላ ወርደው ተክለውታል።

የአንጓችን አንገት አትሜ በቡሬ መናኸሪያ፣ በአዴት ገበያ፣ ወደ ግሽ ዓባይ ጸበል በሚወስደው መንገድ ለጠፍሁ፤ ወደ ቆላ በሚወርዱ ሾፌሮች ስልክ ሁሉ ላክሁ። ዝናብ ሲያጥበው መልሼ ለጠፍሁ። እስካሁን የደወለልኝ የለም።

እሱን ያለ ፎቶ፣ ያላየሁትን አንገት ከሌላ ሰው ትዝታ ነው ያወጣሁት። በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው ብዬ አምናለሁ። ልክ መሆኑን የምትነግረኝ ሴት ግን ተቀብራለች፤ አንገቷን ይዛ መጥታ የምታስተያየኝ አንጓችም አልመጣችም።